አራት ጎንና አንድ ገመድ

ትምህርት ቤት የገባሁት ሌሎች የሚማሩበትን ግድግዳ ለመሥራት ነው። ይህን ስናገር አላፍርም። ፊደል የለየሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የታተመውን እየቆጠርኩ ነው። ጂኦሜትሪ ያስተማረኝ ደግሞ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ከነበረች አንዲት ሱቅ ያገኘሁት፣ ባለሱቁ ስኳር ሊጠቀልልበት ግማሹን የቀደደው መጽሐፍ ነው። የተረፈውን ግማሽ ገዛሁት። መጀመሪያውና መጨረሻው የለም፤ ስለ ሦስት ማዕዘንና ስለ አራት ማዕዘን የሚያወራው ክፍል ግን ሙሉ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የጠፉት ገጾች ምን ይሉ እንደነበርም ከቀሩት ተነሥቼ ብዙውን ደረስኩበት። ይህን የቻለ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

በሰማንያዎቹ ዓመታት፣ ቀለበት መንገዱ ሳይመጣ፣ ዛሬ ኢምፔሪያል ከምንለው በስተጀርባ ወደ ገርጂ በሚወስደው ሰፈር የቤት መሠረት የሚያሰምር ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። "መሐንዲስ" ይሉኝ ነበር። ዲግሪ ያለው መሐንዲስ ያሰመረውን መሠረት አንድ ቀን ቆሜ አየሁና "ይኼ ማዕዘን ሁለት ጣት ጠሟል" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ለካ። ሳቁን ተወና ችካሉን ነቀለ።

መሣሪያዬ ሜትርና ሲባጎ ብቻ ነበር። በአንዱ ጎን ሦስት ሜትር፣ በሌላው አራት ሜትር ትለካለህ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ካልመጣ ጠሟል። በዚያ ሰፈር ይህን የማያውቅ ግንበኛ ከነበረ ከእኔ ያልተማረ ነው።

በር ስሠራም ሰያፍ ሳልመታ አላስረክብም። አራት እንጨት በአራት ጥግ ብቻ ቢመታ በሩ በሳምንቱ ይጋደማል። ጎኖቹ አንድ ጣት ሳያጥሩ ሳይረዝሙ ቅርጹ ይዘማል። ከጥግ ወደ ጥግ አንድ እንጨት በሰያፍ ሲመታበት ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ከታወቁ ወዴትም አይሄድም። አራት ማዕዘን ይሄዳል። ይህን ከማንም በፊት የማውቅ ሰው ነኝ፤ አንባቢ ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የሚከተለው ነገር ባለማወቅ የመጣ አይደለም።

ሽምግልናም ነበረኝ። የባልና ሚስት፣ የአጥር፣ የውሃ መውረጃ ጠብ ሲነሣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር እቀመጥ ነበር። አንደኛው መካ ደርሰው የመጡ አዛውንት ነበሩ፤ ሀጂ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እነሱ በልምድ ይዳኛሉ፤ እኔ በሥርዓት። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደርግና ለአንዱ ወገን ሃያ ደቂቃ፣ ለሌላው ሃያ ደቂቃ እሰጣለሁ። አንዲት ደቂቃ አላዳላም። የሙግት ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ፍርዱ ቀጥ ይላል ብዬ አምን ነበር።

ከወሎ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከሰፈሩ ዳር ካለው ገደል አፋፍ አንድ ቦታ ነበራት። ባሏ በሕይወት ሳለ ከገበሬ በውል የገዛው ነው። ልጇ በልጅነቷ በያዛት በሽታ ሁለት እግሯ ከስቶ ቀርቷል፤ በእጇ እየተደገፈች ነው የምትንቀሳቀሰው። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። በእጅ በሚዘወር የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እጇ ንጹሕ ነበር፤ ከሰፈሩ አልፎ ከሳሊተ ምሕረት ድረስ ጨርቅ ይመጣላት ነበር። ችግሩ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። እናትየዋ ያሰበችው ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ በደረቁ መሬት ላይ፣ ለልጇ አንዲት የሥራ ክፍል ማቆም ነበር።

"እኔ ነገ አልፋለሁ ጋሼ" ትለኝ ነበር። "ይቺ ልጅ የራሷ ደጅ ከሌላት በማን ደጅ ልትቀመጥ ነው?"

አንድ ዓመት ክረምት እናትና ልጅ ለለቅሶ ደሴ ወርደው ሦስት ወር ቆዩ። ሲመለሱ ግቢያቸው ዙሪያውን በአዲስ አጥር ታጥሮ ጠበቃቸው። ያጠረው በምሥራቅ በኩል የሚያዋስናቸው የእህል ነጋዴ ነው። የእሷ አጥር ቅንጭብና የበሰበሰ እንጨት ነበር፤ እሱ የራሱን ሲያድስ የእሷንም በባሕር ዛፍ አጣናና በቆርቆሮ አደሰላት። ሰፈሩ ሁሉ "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው" አለ። እኔም ብያለሁ። እሷ ግን በሦስተኛው ቀን እኔ ዘንድ መጣችና "ስሄድ የተውኩት ቦታ ስመለስ ጠበበኝ" አለች።

እሑድ ጠዋት በግቢዋ ተቀመጥን። ሰዓቴን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ ነጋዴው ተናገረ።

"የጎረቤት ወግ ነው ብዬ ዙሪያውን አጠርኩላት" አለ። "አጣናውም ቆርቆሮውም የእኔ ነው። አመሰግናለሁ እንኳ ሳትለኝ ለሽማግሌ ከሰሰችኝ። ጋሼ መሐንዲስ ይለኩት። እሳቸው የለኩትን እኔ እስከ ልጅ ልጄ እቀበላለሁ።"

እሷ ተነሣች። ሃያ ደቂቃ ሰጥቻት ሦስቱን እንኳ አልተጠቀመችም።

"በምሥራቅ በኩል ለልጄ ክፍል ያሰብኩት ቦታ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።"

"በስንት ጠበበ?" አልኳት።

"በስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም ጋሼ፤ ገመዴ ነው የሚያውቀው።" ወደ ልብስ ማስጫዋ አመለከተች። ከበሩ ምሰሶ ተነሥቶ ግቢውን በሰያፍ አቋርጦ በምሥራቅ በኩል እስከ ኋለኛው የጥግ ችካል የሚደርስ የናይለን ገመድ ነው። በሩ በገደሉ በኩል፣ በመንገዱ ጥግ ላይ ነበር፤ እኔው የሠራሁት፣ ሰያፍ የተመታበት በር። "ባሌ በልኩ ቆርጦ ያሰረው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ተወጥሮ ኖረ። አሁን አራት ክንድ ተርፎ ተንዘላዝሏል።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የሚያስቅ ነገር አገኘሁ።

"ገመድ በፀሐይ ይለጠጣል" አልኩ። "መሬት ግን በጥላ አይኮማተርም።"

ሳቁ። ሀጂ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ሴትዮዋ ቁጭ አለች።

ውሉን አስመጣሁ። የአገራችን ውል አንድ ወግ አለው፦ አዋሳኙን በአራት አቅጣጫ ይዘረዝራል፣ የእያንዳንዱን ጎን ርዝመት ይጽፋል፣ ምስክር ይፈርማል፣ አለቀ። በሰሜን መንገድ፣ አሥራ ሁለት ሜትር። በምሥራቅ ነጋዴው፣ አሥራ ስድስት ሜትር። በደቡብ የገበሬው ማሳ፣ አሥራ ሁለት ሜትር። በምዕራብ ገደል፣ አሥራ ስድስት ሜትር። ሜትሬን ዘረጋሁ። ሾፌሩ ጫፉን ያዘልኝ። ሰው እየተከተለን ዙሪያውን ለካሁ፤ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ። አሥራ ሁለት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሁለት። አሥራ ስድስት። አንድ ሴንቲ አልጎደለም።

"እንግዲህ" አለ ነጋዴው፤ ባርኔጣውን አነሣ።

ያኔ ልጅቱ ከቤቱ ደፍ ላይ እንደተቀመጠች ተናገረች። መርፌ ከከንፈሯ አወጣች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ጨርቅ አራት ጠርዙ ልክ ሆኖ ሊጠም ይችላል። ጎትተውት ከሆነ ጠርዙን ብቻ ቢለኩት አይታወቅም። እኛ ጥግና ጥጉን አገናኝተን ነው የምናየው። ግቢውንም ከጥግ ጥግ ቢለኩት ምናለበት?"

እውነቱን ልጻፍ። የተናገረችው ልክ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ውስጤ የሆነ ነገር አውቆታል። ነገር ግን እኔ የሰፈሩ መሐንዲስ ነኝ፤ ሰው ከቦኛል፤ አራት ጎን ለክቼ አራቱን አስተካክዬ ቆሜያለሁ። ለባለ ዲግሪ ያልተበገርኩ ሰው መርፌ በአፏ የያዘች ልጅ በሕዝብ ፊት ልታርመኝ ነው።

"ልጄ" አልኳት፣ "መሬት አቡጀዲ አይደለም።"

ከበፊቱ የበለጠ ሳቁ። ነጋዴው ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

"አቡጀዲም ቢሆን" አለች፣ "መጥመሙ የሚታየው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው።" ከዚያ መኪናዋን መዘወር ጀመረች፤ ፍርዱ እስኪነበብ ድረስ አላቆመችም።

ፍርዱን በራሴ እጅ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያማረ ነው። "ሁለቱም ወገን እኩል ተሰምቷል፤ አራቱም ጎን ተለክቶ ከውሉ ጋር ልክ ሆኖ ተገኝቷል" ብዬ ፈረምኩ፤ ሀጂና ሾፌሩም ፈረሙ። ለሴትዮዋም መላ ሰጠኋት።

"ምሥራቁ ከጠበበሽ ምዕራቡ ሰፍቶልሻል። ክፍሏን በዚያ በኩል ሥሪላት።"

"ገደሉስ ጋሼ?"

"ገደሉ ከአጥሩ ውጭ ነው።"

"እርስዎ ካሉ እሺ" አለች።

ከጥምቀት በኋላ የክፍሏን መሠረት እኔው በነፃ አሰመርኩላት። ሦስት በአራት። ልጅቱ መሬት ላይ ተቀምጣ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ። ሦስቱን ለካሁ፣ አራቱን ለካሁ፣ ከዚያ እንደ ልማዴ ከጥግ ጥግ ዘረጋሁ። ልክ አምስት መጣ።

"ለክፍል ሲሆን ከጥግ ጥግ ይለካል ማለት ነው?" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የሚማር ሰው ድምፅ ነበር።

"ክፍል ሌላ ነው፣ ግቢ ሌላ ነው" አልኳት።

ሲባጎዬን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ቆምኩ። አሥራ ሁለት የሦስት አራት እጥፍ፣ አሥራ ስድስት ደግሞ የአራት አራት እጥፍ ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ካለ ሰያፉ የአምስት አራት እጥፍ፣ ሃያ ሜትር መምጣት አለበት። የልብስ ገመዱን መለካት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ሃያ ሜትር ከሆነ፣ ባሏ ሲያስረው ግቢው ቀጥ ያለ ነበር ማለት ነው፤ አሁን ገመዱ የሚተርፍ ከሆነ ደግሞ የኋለኞቹ ሁለት ችካሎች ወደ ገደሉ ተገፍተዋል። ጎኖቹ ሳይነኩ ግቢው እንዳለ ተጋድሟል። በምሥራቅ ደረቅ መሬት ለነጋዴው ሄዷል፤ በምዕራብ ለእሷ የተሰጣት የገደል አፋፍ ነው። ይህን ሁሉ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጣቶቼን ሳልቆጥር አሰላሁት። ስሌቴ ፈጣን ነው።

አልተመለስኩም። ፍርዱ ተፈርሟል፣ መሠረቱ ወጥቷል፣ ከክረምት በኋላ አንድ ቀን አነሣዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ክፍሉ ቆመ፤ ቆርቆሮ ለበሰ። ልጅቱ በመስኮቱ ፊት መኪናዋን አስቀመጠች። ሳልፍ "ደህና ዋሉ ጋሼ" ትለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ዝናቡ አራት ቀን ሳያቋርጥ ጣለ። በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እናትየዋ ወፍጮ ቤት ሄዳ ሳለ አፋፉ ተናደ። ድምፁን የሰማ ጥቂት ሰው ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ስደርስ የክፍሉ ግማሽ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ይወጣ ነበር፤ ልጅቱ መሮጥ አትችልም። ገደሉ ውስጥ ወርደን በአካፋና በእጅ ቆፈርን፤ ነጋዴውም አብሮን ቆፈረ። መጀመሪያ ያገኘነው የስፌት መኪናውን ነው። እሷን ያገኘናት ከእሱ ሥር ነው። ጣቷ ላይ የነሐስ ቀለበቷ፣ መርፌ መግፊያው፣ እንዳለ ነበር።

እናትየዋ ዱቄቷን ተሸክማ መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ዱቄቱ እየረጠበ ነበር፤ አንዲት ጎረቤት ከራሷ ላይ አወረደችላት።

ከአፋፉ በላይ ከመሠረቱ ሁለት ጥጎች ቀርተው ነበር። ቀና ስል አየኋቸው። ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ ነው። እኔ ያሰመርኩት ማዕዘን አይጠምም።

በዚያው ቀን ቀበሯት። ሰደቃው ካለፈ በኋላ ወደ እናትየዋ ሄድኩና ገመዱን ለመንኳት። ምን ሊያደርጉት ነው አላለችም። ከበሩ ምሰሶ ራሷ ፈታችው፤ አውልቃ ሰጠችኝ።

"ውሰደው" አለች። ከዚያን ቀን በፊት አንተ ብላኝ አታውቅም።

ሃያ ሜትር ነበር። ቋጠሮውን ጨምሮ ሃያ ሜትር ከአራት ጣት።

ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ፤ ነጋዴውም መጣ። ገመዱን ዘርግቼ፣ በወረቀት ላይ ሥዬ፣ ሕፃን በሚገባው መንገድ አስረዳኋቸው። ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ሲያልቅ ነጋዴው የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

"ይኼ ጽሕፈት የማን ነው ጋሼ?"

"የኔ ነው።"

"ፊርማውስ?"

"የኔ ነው።"

"'ሁለቱም ወገን እኩል ተሰምቷል' ይላል። ዋሽተው ነው የጻፉት?"

"እኩል ሰምቻለሁ" አልኩ። "ልክ አልሰማሁም። ሦስት ደቂቃ የተናገረችው ሃያ ደቂቃ ከተናገርከው ይበልጥ ነበር።"

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ልኬቱን የሰጡት እርስዎ፣ እዚያ ሥሪ ያሏት እርስዎ።" ድምፁን አላነሣም። "እኔ ለገደል አልመራኋትም።"

ሀጂን አየኋቸው። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ልጅቱ አልፋለች፣ አላህ ይዘንላት" አሉ። "አጥር ቢነሣ አትነሣም። የታሰረ ፍርድ ከተፈታ በዚህ ሰፈር ነገ የማይፈታ ፍርድ የለም። ይቅር በለን ብለህ ተወው።"

ሾፌሩ ባርኔጣውን አደረገ። ተነሡ። ነጋዴው ሆን ብሎ አድርጎት ይሁን ሠራተኞቹ ጎን ጎኑን እየለኩ ተክለውት ይሁን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ከዚህ ሁሉ መፍታት ያቃተኝ ይህ ብቻ ነው። እናትየዋ በዓመቱ ቦታውን ለእሱው ሸጣለት ወደ ወሎ ተመለሰች። አጥሩ ፈርሶ ሁለቱ ግቢ አንድ ሆነ።

ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ያደረግሁትን ልጻፍ፣ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም።

በዚያ ሰፈር ከሁለት መቶ የማያንስ ቤት መሠረት አሰምሬያለሁ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ቆመዋል።

በዕድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የሆነውን ነገር ከነ ስሌቱ ተናግሬያለሁ። የሰማኝ ሰው ብዙ ነበር፤ ያመነኝ ጥቂት ነው፤ ተናግሬያለሁ።

የመጀመሪያውን ፍርድ ስሕተት የሚያስረዳ ሁለተኛ ወረቀት ከነ ሥዕሉ ጽፌ በዕድሩ ሣጥን አስቀምጫለሁ።

የተናደውን አፋፍ በደረቅ ድንጋይ ደግፌዋለሁ። ሁለት በጋ ፈጅቷል። ማንም አላዘዘኝም። ካቡ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም፤ ነጋዴው በላዩ ጎተራ ሠርቶበታል።

አሥራ አንድ ግንበኞች አስተምሬያለሁ። ለእያንዳንዳቸው መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ከጥግ ጥግ መለካት ነው። ከየት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ ከመጽሐፍ ነው አልላቸውም፤ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ተጠርቼ አልሄድኩም። ሰዓቴን ለልጄ ሰጥቻለሁ።

ገመዱ እኔ ዘንድ ነው። መስኮቴ ላይ ፀሐይ በሚመታው ምስማር ሰቅዬዋለሁ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ አውርጄ እለካዋለሁ። ሃያ ሜትር ከአራት ጣት ነው። አልተለጠጠም።